ኔትወርክ ጠፋ ብላችሁ ቡና አታፍሉ

የአክስቴ ስልክ ኔትወርክ ያጣው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ምንም አልመሰላትም። እኛ ሰፈር ኔትወርክ ጠፋ ማለት ዜና አይደለም፤ መብራት ሲሄድ እሱም ይከተላል። «ይመጣል» ብላ ስልኩን ብፌው ላይ አስቀመጠችና ከሰል አቀጣጠለች። ቡና ቆላች፣ ጎረቤት ጠራች። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ። በረካው ሲቀዳ አንድ የማናውቀው ሰው በእሷ ቁጥር፣ በሌላ ቀፎ፣ ከባንኳ የሚላከውን ኮድ እየተቀበለ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ባንክ ሄደች። 64,000 ብር የለም። ስንት ዓመት እንጀራ ጋግራ ለየምግብ ቤቱ እያስረከበች ያጠራቀመችው፣ የልጇን የኮሌጅ ክፍያ ልትከፍልበት ያስቀመጠችው ብር ነው።

እኔ ሳሪስ አቦ አካባቢ ትንሽ የሞባይል ሱቅ አለኝ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ቻርጀርና ከቨር እሸጣለሁ፣ የቴሌብር ወኪልም ነኝ። የተሸወደ ሰው እያለቀሰ ሱቄ ሲገባ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የራስ ሰው ሲሆን ግን ሌላ ነው። «አንቺ ስልክ ታውቂያለሽ አይደል? በይ መልሺልኝ» አለችኝ አክስቴ። መመለስ አልቻልኩም። ለእሷ ቀድሜ ያልነገርኳትን ነው አሁን ለእናንተ የምጽፈው።

ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሲም «ተጠለፈ» ሲባል ብዙ ሰው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ፣ እንቅልፍ ያጣ ጎረምሳ ነው የሚታየው። የአክስቴ ሌባ እንዲህ ዓይነት አልነበረም። መታወቂያ ይዞ ወረፋ የጠበቀ ሰው ነው።

ስልክ ቁጥራችሁ ያለው ሲሙ ፕላስቲክ ላይ አይደለም። የቴሌኮም ድርጅቱ ሲስተም ውስጥ «ይህ ቁጥር የዚህ ሲም ነው» የሚል መዝገብ አለ። ሲሜ ጠፋብኝ ብላችሁ ስትሄዱ አዲስ ሲም ይሰጧችሁና መዝገቡን ወደ አዲሱ ያዞሩታል። ያኔ አሮጌው ሲም ይሞታል። አገልግሎቱ ደግ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ስልክ በጠፋ ቁጥር ቁጥር መቀየር ነበረብን። ሌባውም በዚሁ በር ነው የሚገባው። በእናንተ ስም የተሠራ ሐሰተኛ መታወቂያ ይዞ «ጠፋብኝ» ይላል። አዲሱ ሲም ሲነሳ የእናንተ ይወድቃል። አክስቴ «ኔትወርክ ጠፋ» ያለችው ይህንን ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ብር አያወጣም። የባንኩ ሚስጥር ቁጥርም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነበር እኔና አክስቴ የተጣላነው። «ለማንም አልሰጠሁም» ብላ ማለች። እኔም አመንኳት፣ ለመርማሪውም እንደዚያው ተናገርን። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ አንድ ማታ ደወለችልኝ። «ዓርብ ዕለት አንድ ልጅ ደውሎ ነበር» አለች። ትሁት ልጅ ነው፤ «እናቴ» ነው የሚላት። ሲምዎ ሊዘጋ ነው፣ መረጃዎን እናድስ አላት። ሙሉ ስሟን ከእነ አያቷ፣ የትውልድ ዘመኗን፣ የፋይዳ ቁጥሯን፣ በየትኛው ባንክ እንደምትጠቀም ነገረችው። መጨረሻ ላይ «ለማረጋገጫ ያህል» ብሎ የሞባይል ባንኪንግ ሚስጥር ቁጥሯን ጠየቃት። ሰጠችው። ከዚያ አፍራ ደበቀችን።

አልፈርድባትም። ግን በዚያ ሀፍረት ሁለት ሳምንት ሙሉ መርማሪውም እኛም ያለ ቦታው ስንፈልግ ከረምን። የዓርቡ ደዋይ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ስልኳ ላይ ነበር። ከተሸወዳችሁ ሁሉንም ተናገሩ። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ከእናንተ በፊት ዶክተሩም ነጋዴውም ተሸውዶ ተቀምጧል።

ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ

መጀመሪያ ቁጥራችሁ በማን ስም እንደተመዘገበ እወቁ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሱቄ ከሚመጣው ሰው ውስጥ ሲሙ በወንድሙ ስም የሆነ አለ፣ በቀድሞ አሠሪው ስም የሆነ አለ፣ ከአምስት ዓመት በፊት በፈታችው ባሏ ስም የሆነች አለች። እሷ ሲም ቢጠፋባት ማስቀየር አትችልም። እሱ ግን በፈለገ ቀን መታወቂያውን ይዞ ሄዶ ቁጥሯን ወደ ኪሱ ማስገባት ይችላል። ከእነ ቴሌብሩ፣ ከእነ ቴሌግራሙ። ፋይዳችሁን ይዛችሁ አገልግሎት ማዕከል ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህ ቁጥር በስሜ ነው ወይ? በስሜ የተመዘገበ ሌላ ቁጥርስ አለ ወይ? የማታውቁት ቁጥር ከተገኘ በዚያው ቀን አስዘጉት። ወረፋው ያሰለቻል። ሂዱ ግን።

ሁለተኛው የሲም ፒን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሲም ላይ የሚፈጸም ስርቆት ሁሉ እንደ አክስቴ የተወሳሰበ አይደለም። ታክሲ ስትሳፈሩ ወይ በመስኮት ስታወሩ ስልኩን ላፍ ያደርጉታል። የእናንተ ስልክ ፓተርን አለው፣ የጣት አሻራ አለው። ሌባው ለዚያ አይጨነቅም። በመርፌ ሲሙን ያወጣል፣ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያ ለእናንተ የሚመጣ ኮድ ሁሉ ለእሱ ይመጣል። አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። ሲሙ ፒን ካለው ግን ሌላ ቀፎ ውስጥ ሲገባ ቁጥር ይጠይቃል፣ እዚያው ይቆማል።

አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ግቡና ሴኩሪቲ ውስጥ ሲም ሎክ የሚለውን ፈልጉ። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ሴሉላር፣ ከዚያ ሲም ፒን ነው። አሁን ልብ በሉ! ስታበሩት መጀመሪያ የነበረውን ፒን ይጠይቃችኋል። እሱ ሲሙ ተለጥፎበት የመጣው ካርድ ላይ ተጽፏል። ካርዱን ጥላችሁት ከሆነ በግምት አትሞክሩ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ይቆለፍና ፒዩኬ የሚባል ባለ 8 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ፒዩኬውን አሥር ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ጨርሶ ይሞታል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆናችሁ በ994፣ የሳፋሪኮም ከሆናችሁ በ700 ደውላችሁ ጠይቁ። አንዱ ደንበኛዬ ምክሬን ሰምቶ ማታ ቤቱ ሲሞክር ሲሙን ቆልፎ ጠዋት እየተሳደበ መጣ። እውነት አለው፣ ይህችን ማስጠንቀቂያ አልነገርኩትም ነበር።

የሲም ፒን የአክስቴን ዓይነት ስርቆት አያቆምም። እዚያ ላይ የሚሰረቀው ሲሙ ሳይሆን መዝገቡ ነው። ለመንታፊ ግን ፍቱን ነው።

ሦስተኛው ቴሌግራም ነው። እዚህ አገር ብዙ ሰው ከባንኩ ይልቅ ቴሌግራሙን ነው የሚያጣው። ሌባው በስማችሁ ገብቶ ለዘመድ ሁሉ «እባክህ 5,000 ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» ይላል። ዘመድ ደግሞ ይልካል። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ግቡና የይለፍ ቃል አስቀምጡ። ኢሜይልም አስገቡ፣ ቃሉን የረሳችሁ ቀን በእሱ ነው የምትመለሱት። ይህ ካለ ቁጥራችሁን የወሰደ ሰው ኮዱ ቢደርሰውም አይገባም። ዲቫይስስ የሚለውን ደግሞ ክፈቱና የማታውቁት ስልክ ካለ አስወጡ። አንዲት ተማሪ ደንበኛዬ ከከፈተችው በኋላ የቀድሞ ጓደኛዋ ላፕቶፕ ለሰባት ወር ሙሉ መልእክቷን ሲያነብ እንደኖረ አየች። ያ ሌላ ታሪክ ነው።

አራተኛው ጥሪ ማስተላለፍ ነው። *#21# ብላችሁ ደውሉ። ጥሪያችሁ ወደ ሌላ ቁጥር እየሄደ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሁሉንም ለማጥፋት ##002# ነው። «ኢንተርኔትዎ እንዲፈጥን ይህን ይደውሉ» ብሎ በ*21* ወይም በ**21* የሚጀምርና በ# የሚያልቅ ነገር የሚያስደውላችሁ ሰው ካለ፣ መሐል ላይ ያለው ቁጥር የራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለእናንተ የተደወለ ሁሉ እሱ ጋ ይጠራል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ኮዱን በድምፅ ጥሪ መናገር ስለሚችሉ ለዚህ ነው የሚፈልገው።

ስልኩ ላይ ያለው ትሁት ሰው

ባለፈው ዓመት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ስልክ ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ሱቄ ገቡ። በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። ሰጠኋቸው። ሲጽፉ አየሁ፤ የሰው ስም፣ የቴሌብር ቁጥር፣ 1,500 ብር።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ልጄ፣ 50 ሺህ ብር ደርሶኛል! ግብሩን ብቻ ቅድሚያ ክፈል ነው የሚሉኝ።»

«ሎተሪ ቆርጠው ነበር?»

«አልቆረጥኩም። የረጅም ጊዜ ደንበኛ ስለሆንኩ ነው አሉ።»

ስልኩን ተቀበልኳቸውና «ከየት ነው የምትደውለው?» አልኩት። የድርጅት ስም ጠራ። «ታዲያ ግብሩን ከሽልማቱ ላይ ቀንሳችሁ ለምን አትልኩላቸውም?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና እናቴን ሰደበ፣ ዘጋ። ጋሼ ስድቡን ሰምተዋል። «ባለጌ!» አሉ፣ ተቀምጠው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ብሩን ለመላክ ወደ እኔ ባይመጡ፣ ቤት ሆነው ራሳቸው መላክ ቢችሉ ኖሮ አለቀላቸው።

ደዋዩ ትክክለኛ ይሁን አይሁን ለመለየት ድምፁን፣ ትሕትናውን፣ ስማችሁን ማወቁን አትመልከቱ። ስማችሁን ማወቅ ዛሬ ቀላል ነው፤ ቴሌብር ላይ ብር ለመላክ ቁጥር ሲያስገቡ ስም ይወጣል። መንገዱ አንድ ነው። ዝጉትና ራሳችሁ መልሳችሁ ደውሉ፣ እሱ በደወለበት ሳይሆን ድርጅቱ በሚታወቅበት ቁጥር። ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለቴሌብር 127፣ ለሳፋሪኮም 700፣ ለንግድ ባንክ 951። እውነተኛ ሠራተኛ ብትዘጉበት አይቀየምም።

በአጭር መልእክት የሚመጣ ኮድ ደግሞ ለማንም አይነበብም። «በስህተት ወደ አንተ ስልክ ኮድ ተልኳል፣ ንገረኝ» ለሚል የድሮ ክፍል ጓደኛም ቢሆን። ይልቁንም ለእሱ! ምናልባት የእሱ ቴሌግራም ቀድሞ ተወስዷል፣ የምታወሩት ከሌባው ጋር ነው።

«በስህተት ብር ላኩብህ» የሚለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሐሰተኛ መልእክት ይልካሉ፣ ከዚያ እያለቀሱ ይደውላሉ። እኔ ራሴ ተበልቼበታለሁ። አንድ ሥርዓት ያለው የሚመስል ልጅ የ1,200 ብር ኢርፎን ገዝቶ «ላኩልሽ» አለኝ። መልእክቱ መጣ፣ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ነበር፣ ማን እንደላከው ሳላይ ሸኘሁት። ማታ ሂሳብ ስዘጋ የለም። መልእክቱን ከፍቼ ሳየው ከ127 ሳይሆን ከተራ 09 ቁጥር ነው የተላከው። ከዚያ ወዲህ መልእክት አላምንም። *127# ደውዬ ወይ አፑን ከፍቼ ቀሪ ሂሳቤን አያለሁ። ብሩ በእውነት በስህተት ገብቶ ከሆነም መልሳችሁ አትላኩ። ላኪው ራሱ ለድርጅቱ ያመልክት፣ እነሱ ይመልሱለታል።

በስማችሁ ሲም አታውጡ

ይህን ለወጣቶች ነው የምጽፈው። አንዳንድ ሰው መንገድ ላይ ያቆማችሁና «በመታወቂያህ ሁለት ሦስት ሲም አውጣልኝ፣ ለእያንዳንዱ 100 ብር እሰጥሃለሁ» ይላል። ቀላል ገንዘብ ነው። እኔንም «ደንበኛ ሰብስቢልን» ብለውኝ ያውቃሉ።

ሲሞቹ የት እንደሚሄዱ ልንገራችሁ። አንዱ ክፍል ሽልማት ደርሶሃል ለሚሉት ነው። ሌላው ሲም ቦክስ ለሚባል ማሽን ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ወንድማችሁ ደውሎ ስልካችሁ ላይ የአገር ውስጥ 09 ቁጥር ወጥቶ አያውቅም? ያ ነው። የውጭውን ጥሪ በኢንተርኔት አስገብተው በደርዘን በሚቆጠሩ የአገር ውስጥ ሲሞች ያወጡታል፣ የዓለም አቀፉን ክፍያ ይበሉታል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮሙን መሠረተ ልማት አልፎ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጥን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ማሽኑ ሲያዝ ውስጡ ያሉት ሲሞች በማን ስም ናቸው? በእናንተ። አላውቅም ብላችሁ ነፃ ልትወጡ ትችላላችሁ፣ ግን ከስንት ቀን እስር በኋላ?

ሕጉ ምን ይላል?

መርማሪው ጠረጴዛ ፊት ስንቀመጥ አክስቴ የጠየቀችው «እንዲህ ያለው ነገር ሕግ አለው እንዴ?» ብላ ነው። አለው። ዋናው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አንቀጽ 10 አሳሳች መረጃ በማሰራጨት ወይም ማንነቱን ለውጦ በማቅረብ ሰውን አታሎ ጥቅሙን የሚጎዳ ነገር ያስደረገን ይቀጣል፤ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ። አንቀጽ 11 ስለ ማንነት ስርቆት ነው። የሌላን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት የሚገልጽ መረጃ ያለፈቃዱ ማግኘት፣ መያዝ፣ መሸጥ ወይም ማስተላለፍ ራሱ ወንጀል ነው፣ ብሩ ባይወሰድም። ስለዚህ የደንበኛ መረጃ አውጥቶ ለሌባ የሸጠ ሠራተኛም አያመልጥም። ከዚህ ሌላ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አለ፣ አታላይነት የሚለው፣ ለድሮውም ለአዲሱም ሸዋጅ የሚሠራ።

በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃችሁን የያዘ ድርጅት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ካልጠበቀ የምታመለክቱት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ የቴሌኮም ድርጅቶችንም የሚቆጣጠር ስለሆነ ሲሜን ያለእኔ ፈቃድ ለሌላ ሰው ቀየሩብኝ ለሚል ሰው ደህና በር ነው።

ስታመለክቱ በቃል አይሁን። በጽሑፍ አድርጉት፣ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና ኮፒው ላይ ማህተምና ቁጥር አስመቱ። አክስቴ መጀመሪያ በቃል ነበር የተናገረችው። ከሳምንት በኋላ ስንሄድ «እንዲህ ያለ ቅሬታ አልደረሰንም» ተባልን። ሰውየው ሳይዋሽ አይቀርም፣ ግን ማስረጃ የለንም።

ሌላም የምትጠቅም ነገር ከዚያው ከአዋጅ 958 ላይ አለች። አገልግሎት ሰጪዎች ማን መቼ ከየት እንደተገናኘ የሚያሳየውን የትራፊክ መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ማቆየት አለባቸው። ዓመቱ ካለፈ ግን ማስረጃው ላይኖር ይችላል። «እስቲ በዓሉ ይለፍና እከሳለሁ» አትበሉ።

ኔትወርኩ የጠፋ ቀን

መጀመሪያ የጎረቤትን ስልክ እዩ፣ የእናንተኑ ድርጅት የሚጠቀም ጎረቤት። የእሱም ከጠፋ ምንም አይደለም፣ ቡናችሁን ጠጡ። የእሱ እየሠራ የእናንተ ብቻ ከጠፋ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ። ካልተመለሰ በጎረቤታችሁ ስልክ ወዲያው ባንካችሁ ጋ ደውሉ። መጀመሪያ ባንክ ነው፣ ቴሌ ቀጥሎ። ሲሙ እስኪመለስ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ ሞባይል ባንኪንጉን ማስዘጋት ግን የደቂቃ ሥራ ነው። ከአንድ በላይ ባንክ ካላችሁ ለሁሉም ደውሉ። ከዚያ ቴሌብሩን፣ ኤምፔሳ ካላችሁ እሱንም አስዘጉ። ከዚያ ለድርጅቱ ደውላችሁ «ዛሬ ሲሜ ተቀይሯል ወይ?» በሉና ቁጥሩን አስቁሙ። ከዚያ መታወቂያ ይዛችሁ በአካል ሂዱ።

በእያንዳንዱ እርምጃ ሰዓት ጻፉ። 9:10 ኔትወርክ ጠፋ። 9:25 ለባንክ ደወልኩ፣ እንዲህ አሉኝ። አክስቴ ይህን ባለማድረጓ መርማሪው ፊት «ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቡና እያፈላሁ» ብቻ ነበር የምትለው።

ብሩ ወጥቶ ከሆነ ከባንኩ ስቴትመንት አውጡ፣ የግብይት ቁጥሩና ገንዘቡ የገባበት ሂሳብ ያለበትን። የደዋዩን ቁጥር፣ መልእክቶቹን ስክሪንሾት አድርጉ፣ ዋናውን መልእክት ግን እንዳትሰርዙ። እነዚህን ሁሉ ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም በ933 ማሳወቅ ይቻላል። ገንዘቡ የገባበትን ሂሳብ ማሳገድ በእናንተ ቃል አይሆንም፣ የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ደብዳቤውን ተከታተሉ። የእኛ ደብዳቤ ሲደርስ 64 ሺው ብር በሦስት ሂሳብ ተከፋፍሎ ወጥቶ 2,300 ብር ብቻ ቀርቶ ነበር። እሱም እስካሁን እንደታገደ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጠብቁ። እንደተሸወዳችሁ ፌስቡክ ላይ ከጻፋችሁ «ብርህን አስመልስልሃለሁ» የሚል ይመጣል። ለአክስቴ ልጅ ሁለት መጥተውለታል፣ አንዱ ቅድሚያ 3,000 ጠየቀ። እነሱ የዚያው ድግስ ሁለተኛ ዙር ናቸው።

ውጭ ላላችሁ

ከቤሩት የተመለሰች አንዲት ልጅ ሱቄ መጥታ የድሮ ቁጥሯን ስትደውል ሌላ ሰው አነሳ። አራት ዓመት አልተጠቀመችበትም። ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበትና ያልተደወለበት ቁጥር ይዘጋና ለሌላ ሰው ይሸጣል። ያነሳው ሰውዬ ጨዋ ነበር። «እህቴ፣ የባንክሽ መልእክት ሲያስቸግረኝ ነው የከረመው» አላት። ጨዋ ባይሆንስ? ወደ ዓረብ አገር ወይ ወደ ሌላ ቦታ የምትሄዱ ከሆነ፣ ባንኩ ላይ ያለውን ቁጥር ሳትሄዱ ቀይሩ ወይ ሲሙን በየጊዜው ካርድ የሚሞላላችሁ የታመነ ሰው ጋ ተዉ። ፋይዳም ማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በተመዘገበው ቁጥር ስለሆነ እሱንም አትርሱ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ቁልፍ አላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ አትጠቀሙበትም እንጂ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ እኔ ነግሬው ነው ያወቀው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ቁጥሩ ወደ ሌላ ሲም ወይም ወደ ሌላ ድርጅት እንዳይዞር የሚቆልፍ አገልግሎት በነፃ ይሰጣሉ። ቬራይዘን ወደ ሌላ ድርጅት እንዳይዞር የሚቆልፈውን ነምበር ሎክ፣ ወደ ሌላ ሲም እንዳይዞር የሚቆልፈውን ሲም ፕሮቴክሽን ይለዋል፤ ቲ-ሞባይልም ሲም ፕሮቴክሽን አለው። አፑ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። ባንካችሁ ከፈቀደ ደግሞ ኮዱን በአጭር መልእክት ከመቀበል ይልቅ ኦተንቲኬተር በሚባለው፣ ኮዱን እዚያው ስልኩ ውስጥ በሚያወጣው አፕ አድርጉት፣ እሱ ከሲሙ ጋር አይሄድም።

አክስቴ ብፌ ላይ አሁን አንድ ካርቶን ቆሟል። የባንኳ ቁጥር፣ 994፣ 127፣ የእኔም ቁጥር በትልቁ ተጽፎበታል፣ በልጇ እጅ ጽሕፈት። ባለፈው እሑድ ከሰዓት ኔትወርክ ጠፋባት። ነጠላዋን ሳትደርብ ጎረቤት ሮጠች። «ያንቺ ይሠራል?»

«የለም፣ የኔም ጠፍቷል።»

ሌላ ቤት ሄደች። እዚያም የለም። ተመልሳ መጥታ ከሰሉን አቀጣጠለች።